ቡሎን ወይስ ቫልቭ? የሞተር ዘይት አፈሳሰስ ታሪክ ከጁባ ሲታይ

ከመኪና ሞተር ክፍሎች መካከል እንደ ዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ለውጥ ሳይነካው የኖረ ጥቂት ነው። ካርቡሬተር ቦታውን ለኢንጀክሽን ከለቀቀ ቆይቷል፤ በማኖቬላ ይነሳ የነበረው ሞተር ዛሬ በአዝራር ይነሳል። ቡሎኗ ግን እንደ ጥንቱ በቁልፍ ትፈታለች፣ ዘይቱ ይፈሳል፣ ሮንዴላዋ ይቀየራል፣ ተመልሳ ትጠብቃለች። በእሷ ቦታ የሚገባና እጀታው ሲዞር የሚከፈት ትንሽ የናስ ቫልቭ ፉሞቶ የተባለው የጃፓን አምራች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲሸጥ ኖሯል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያም ሆኖ አብዛኞቹ የመኪና ፋብሪካዎች ቡሎናቸውን አልተዉም። በዚህ ላይ የሚከራከሩ ሰዎች ሁለት ጎራ ይዘዋል። አንዱ ወገን ቫልቩን አዲስ ሥልጣኔ፣ ቡሎኗን ኋላ ቀርነት ያደርጋል፤ ሌላው ደግሞ ፋብሪካው ያልገጠመውን ዕቃ መካኒክ ሊገጥም አይገባም ይላል። ታሪኩ ግን ለሁለቱም አይፈርድም። ቫልቭ ከቡሎኗ በፊት የነበረ ዕቃ ነው፤ በየዘመኑ አንዱን ከሌላው ያስመረጡትም ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ ሞተሩ በስንት ጊዜ አንዴ ይፈሳል? የሚያፈሰው ማን ነው? የፈሰሰው ዘይትስ የት ይገባል? የደቡብ ሱዳኗ ዋና ከተማ ጁባ እነዚህን ጥያቄዎች በመቶ ዓመት ውስጥ ደጋግማ መልሳለች፤ የዛሬው መልሷም ከትናንቱ የተለየ መሆን አለበት።

ጁባ ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ የሆነችው መርከብ ከሚቆምበትና መኪና ከሚነሳበት ቦታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ነው። ነጭ ዓባይ ከሱዳኗ ኮስቲ እስከ ጁባ ከ1400 ኪሎ ሜትር በላይ መርከብ ያስኬዳል፤ ከጁባ በስተደቡብ እስከ ኡጋንዳ ድንበር ከተማዋ ኒሙሌ ግን ወንዙ በዓለት ላይ እየተንደረደረ ስለሚወርድ መርከብ አያልፍም። እንግሊዛዊው አሳሽ ሳሙኤል ቤከር በ1871 ከወንዙ ምሥራቅ ዳር፣ ጎንዶኮሮ ላይ የግብፅን ባንዲራ የሰቀለው፣ እንግሊዞችም በ1920ዎቹ ማብቂያ ገደማ የአውራጃ መቀመጫቸውን ከሞንጋላ አንስተው በምዕራቡ ዳር ባለው የባሪዎች መንደር አጠገብ የተከሉት በዚሁ የወንዙ ጠባይ የተነሳ ነው። የግሪክ ነጋዴዎችም ሱቅ የከፈቱት ጭነት ከመርከብ ወርዶ ወደ ኡጋንዳና ወደ ኮንጎ ከሚጫንበት ወደብ አጠገብ ነበር። ወደዚህ አገር መጀመሪያ የደረሰው ሞተር እንግዲህ የእንፋሎት ሞተር ነው፤ በእንፋሎት ሞተር ደግሞ ማፍሰሻ ቫልቭ መክፈት የዕለት ተዕለት ሥራ ነበር። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ውሃ ደግሞ አይታመቅም። ሠራተኛው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ከሲሊንደሩ ግርጌ ያሉትን ቫልቮች ከፍቶ ውሃውን ካላስወጣ ፒስተኑ ውሃውን እየገፋ የሲሊንደሩን ክዳን ሊሰብር ይችላል። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር መከፈት ያለበትን ቀዳዳ በቁልፍ በሚፈታ ቡሎን መድፈን ለማንም ትዝ የሚል ነገር አልነበረም።

መኪና ሲመጣም ቫልቩ ወዲያው አልጠፋም። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ዛሬ የምናውቀው የዘይት መለኪያ ዘንግ አልነበረውም። በምትኩ ከሞተሩ ሥር ሁለት ትንንሽ ቫልቮች፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው ተገጥመውለት ነበር። ባለመኪናው ጎንበስ ብሎ የላይኛውን ይከፍታል፤ ዘይት ከወጣ ሞተሩ ሞልቷል ማለት ነው። ከታችኛውም ካልወጣ ዘይት ሳይጨምሩ መንቀሳቀስ ሞተር መግደል ነው። ዘይቱን በሙሉ ለማፍሰስ ግን በዚያው መኪና ላይ ከታች ያለውን ቡሎን መፍታት ያስፈልግ ነበር። ይህ የንድፍ ምርጫ ለክርክራችን ትልቅ ማስረጃ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሞተር ላይ፣ ለአንድ ዘይት ሁለቱንም መዝጊያ ተጠቅሟል፤ በየጊዜው ለሚፈተሸው ቫልቭ፣ አልፎ አልፎ ለሚፈሰው ቡሎን። የዘመኑ መሐንዲሶች ሁለቱንም ያውቋቸው ነበር፤ የትኛውን የት እንደሚያደርጉ የወሰነላቸው የመከፈቱ ድግግሞሽ ነው።

ቡሎኗ አሸናፊ ሆና የወጣችው ከዚያ በኋላ በመጡ ለውጦች ነው። መለኪያው ዘንግ የፍተሻ ቫልቮቹን ሥራ ወሰደ። በ1923 ፒውሮሌተር የተባለው የዘይት ማጣሪያ መጣ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ጥላሸትን በውስጡ ይዞ እንዲቆይ በኬሚካል የተሻሻለ ዘይት ለናፍጣ ሞተሮች ቀረበ። በመጀመሪያ በጥቂት መቶ ማይል ይለወጥ የነበረው ዘይት ቀስ በቀስ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር መለወጥ ጀመረ። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ለሚከፈት ቀዳዳ ደግሞ ቡሎንን የሚያህል ርካሽና ቀላል መዝጊያ የለም። የሚንቀሳቀስ አካል የላትም፤ ሞላ አይደክምባትም፤ እጅ አይከፍታትም፤ ጠጠር ቢመታትም ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ዘይቱ ከሚጠራቀምበት ክፍል) እምብዛም ወጣ ስለማትል አትሰበርም። አዲስ አበባ ለብዙ ዓመታት የነዳችው ቮልስዋገን ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ወንፊት ለማጠብ ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች ይፈታሉ። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ለሚደረግ ሥራ ይህን ያህል መድከም ማንንም አላስመረረም። ፋብሪካዎቹ ቡሎኗን የመረጡት እንግዲህ ስንፍና ይዟቸው አይደለም፤ ላሰቡት ደንበኛ፣ ማለትም የተነጠፈ መንገድና ጋራዥ ላለው ሰው፣ ስሌቱ ትክክል ነበር።

ጁባ ግን እንዲህ ያለ ደንበኛ ሆና አታውቅም። ከከተማዋ ወደ ኒሙሌና ኮንጎ ድንበር ላይ ወዳለችው ወደ አባ የሚወስዱት መንገዶች ከጠጠርና ከአፈር የተሠሩ ነበሩ። በ1941 የቤልጅየም ኮንጎ ጦር በእኛ አገር በኢትዮጵያ ከጣሊያን ጋር ሊዋጋ ሲመጣ ከአባ እስከ ጁባ በጭነት መኪና፣ ከጁባ ወደ ማላካል ደግሞ በወንዝ ተጓጉዟል።  በእንዲህ ያለ ጉዞ አቧራው አየር ማጣሪያውን አልፎ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ ሙቀቱ ያቀጥነዋል፤ ዘይት ለመለወጥም ጋራዥ እስኪገኝ አይጠበቅም። ቡሎኗ ለእንዲህ ያለ ሥራ የምትጠይቀው አንድ ቁልፍ ስለሆነ ለወታደርም ለነጋዴም ተስማሚ ነበረች። የፈሰሰው ዘይት የት ይግባ የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ግን ያን ጊዜ አልተነሳም። መኪናው ጥቂት፣ መሬቱ ሰፊ ነበርና ዘይቱን አፈር ላይ ማፍሰስ እንደ ጥፋት አይታይም ነበር። የዛሬውም ልማድ ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው።

ከመኪናው ይልቅ ጁባ ላይ ዘወትር ይታይ የነበረ ሌላ ሞተር አለ፤ የአውሮፕላን ሞተር። የእንግሊዙ አየር መንገድ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከለንደን እስከ ኬፕታውን በዘረጋው መስመር ላይ ጁባ ማረፊያ ነበረች። የአቪዬሽን ታሪክ ለቫልቩ የሚሰጠው ምስክርነት ደግሞ ከመኪናው ይበልጣል። ፒስተን ሞተር ባላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖች ዘይቱ እንደ ማጣሪያው ዓይነት በ25 ወይም በ50 የበረራ ሰዓት ይለወጣል። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ በቶሎ የሚያፈስ ቫልቭ ይገጠማል፤ ቱቦ ይሰካበትና ዘይቱ የሞተሩን ሽፋን ሳያበላሽ ወደ ዕቃ ይወርዳል። ቫልቭ በንዝረት ይከፈታል ብሎ የሚሰጋ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። በሰማይ ላይ ዘይት አለቀ ማለት ከመሬቱ እጅግ የከፋ ነው፤ ለአንዲት ቡሎን እንኳ መቆለፊያ ሽቦ የሚያስርላት የአቪዬሽን ሙያ ቫልቩን የተቀበለው ደግሞ በአግባቡ የተሠራ ቫልቭ ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ካልተደረጉለት ስለማይከፈት ነው። በመኪናው ቫልቭም ነገሩ ያው ነው፤ እጀታው በሞላው ተገፍቶ ከተቀመጠበት ጎድጎድ ካልተነሳ አይዞርም።

ጁባ ለብዙ ዓመታት ከዚህ ሁሉ ተቆርጣ ቆየች። በ1955 የተነሳው የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት በ1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት በረደ፤ በ1983 ግን እንደገና ተቀሰቀሰ። እስከ 2005 ድረስ ጁባ በካርቱም መንግሥት እጅ ያለች፣ በአማፂው ጦር የተከበበች የጦር ሰፈር ነበረች፤ መንገዶቿም ፈንጂ ተቀብሮባቸው ነበር። የ2005ቱ የሰላም ስምምነት ሲፈረም፣ በተለይም ከ2011ዱ ነፃነት በኋላ መኪና ጎረፈ። የተባበሩት መንግሥታትና የረድኤት ድርጅቶች ላንድክሩዘር፣ ከኡጋንዳ በኩል የገባው ያገለገለ የጃፓን መኪና፣ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣው የጭነት መኪና በአንድ ጊዜ ከተማዋን ሞላት። ወደ ኒሙሌ የሚወስደው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ሲሆን የአገሪቱ የመጀመሪያ ረጅም የአስፋልት መንገድ ሆነ። በዚህ ጊዜ ጁባ በደረሰ ያገለገለ መኪና ላይ ቡሎኗ ከባለቤት ባለቤት እየተላለፈች ብዙ ጊዜ የተፈታች ናት። በብዙ ቶዮታዎች ላይ ውፍረቷ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ14 ቁልፍ ትፈታለች፤ ማጥበቂያ ኃይሏም ወደ 40 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። መለኪያ ያለው ማጥበቂያ የሌለው መካኒክ በክንዱ ግምት ሲያጠብቃት፣ በተለይ ኮፓው አሉሚኒየም ከሆነ፣ ቀስ በቀስ ጥርሱ ይበላል። ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ይበልጥ ይጠበቃል፤ ይበልጥ ሲጠበቅ የቀረው ጥርስ ያልቃል፤ መጨረሻው ቀዳዳውን አስፍቶ ወፍራም ቡሎን ማስገባት ወይም ኮፓውን መቀየር ነው። ቫልቩ አንድ ጊዜ በትክክለኛው ኃይል ከገባ በኋላ ጥርሱን ዳግም የሚነካው አይኖርም። በዚህ ነጥብ ላይ ቫልቩ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ የሚሰጠው ጥቅም ግን ገና ጥርሱ ላልተበላ ኮፓ ነው እንጂ ለተበላው መድኃኒት አይሆንም።

የድግግሞሹ ጥያቄ ጁባ ላይ ዋና የሚሆነው ግን በመኪናው ሳይሆን በጄኔሬተሩ ነው። አገሪቱ ነፃነት ስታውጅ ከተማዋ ይህ ነው የሚባል የመብራት መረብ አልነበራትም፤ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ የተመረቀው በ2019 ማብቂያ ነው። ሆቴሉ፣ ባንኩ፣ ክሊኒኩና መጋዘኑ ለዓመታት የኖሩት በራሳቸው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው፤ ዛሬም ቢሆን ብዙዎቹ ያለ እሱ አያድሩም። አሁን ሒሳቡን እንየው። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳና በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይት የሚለውጥ መኪና ቡሎኑ በዓመት አራት ጊዜ ይከፈታል። በየ250 ሰዓቱ ዘይት የሚለውጥ ጄኔሬተር በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በዓመት ወደ 17 ጊዜ ይከፈታል፤ ሌት ተቀን ቢሠራ ደግሞ 35 ጊዜ። በናፍጣው ውስጥ ሰልፈር ሲበዛና አቧራ ሲጨመር ጊዜው እንዲያውም ያጥራል። የጄኔሬተር አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ በብዙ ትልልቅ ማሽኖች ላይ ከኮፓው ቱቦ አውጥተው ጫፉ ላይ ቫልቭ አድርገው ይሸጣሉ። ከእንፋሎቱ መርከብ ጋር የሄደው ቫልቭ እንግዲህ ጁባ የተመለሰው በጄኔሬተር በኩል ነው፤ የተመለሰበትም ምክንያት መጀመሪያ ያመጣው ያው ምክንያት ነው።

በቫልቩ ላይ የሚነሱት ተቃውሞዎች በቸልታ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው ቁመቱ ነው፤ ቫልቩ ከቡሎኗ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይረዝማልና ቡሎኗ ወደ ታች በሆነበትና ዝቅ ባለ መኪና ላይ፣ የክረምት ጎርፍ በሚቦረቡረው በጁባ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ድንጋይ ሊያገኘው ይችላል። ይህ ተቃውሞ እውነት ስለሆነ መልሱ ማስተባበል አይደለም። ለእንዲህ ያለው መኪና ቡሎኗ ትሻላለች፤ ቀዳዳው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ የዞረበት፣ ወይም ከፍ ብሎ የቆመ መኪና ግን ሥጋቱ ይቀልለታል፤ ቆሞ ለሚሠራ ጄኔሬተር ደግሞ ጭራሽ የለም። ሁለተኛው የሌባ ነገር ነው፤ ናፍጣ ተሰርቆ በሚቀዳበት ከተማ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ዘይት ምን ይውጠዋል ይባላል። 14 ቁልፍ የሌለው ሌባ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ተንኮል የሚፈራ ሰው እጀታውን በክሊፕ ወይም በማሰሪያ ይቆልፈዋል። ሦስተኛው የቀዳዳው ጥበት ነው፤ ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ጥቂትም ከኮፓው ወለል ላይ ይቀራል። ይህም እውነት ነው፤ ዘይቱ ትኩስ እያለ ከፈሰሰ ግን የሚቀረው ከአዲሱ ዘይት ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመካኒኩ ዓይን ነው። ጥሩ መካኒክ ቡሎኗን ፈትቶ ሲያወጣ ጫፏን ያያታል፤ ማግኔት ያላት ከሆነች የተጣበቀውን የብረት ብናኝ በጣቱ አሽቶ ኩሽኔታ እየተበላ መሆኑን ይጠረጥራል፤ ጥቁር ጭቃ ካለባትም ባለመኪናው የቅያሪ ጊዜ ማሳለፉን ያውቃል። ቫልቩ ይህን ምስክር ይነሳዋል። ይሁን እንጂ ሙያው ሌላም የሚያነበው ነገር አለው። ቫልቩ ላይ በተሰካ ጎማ ወደ ንጹሕ ዕቃ የወረደ ዘይት መሬት ላይ ከተደፋ ዘይት ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ይታይበታል፣ ማቀዝቀዣ ውሃ ከገባበት ወተት መስሎ ይወርዳል፣ ናፍጣ ከተቀላቀለው ይቀጥናል፣ መጠኑም ይለካል። የተጣለውን ማጣሪያ ቀዶ ማየትም ከቡሎኗ ጫፍ የበለጠ ያሳውቃል። ዓይኑን የሚጠቀም መካኒክ በቫልቩ ምክንያት አይታወርም፤ የማይጠቀመው ደግሞ ቡሎኗ በእጁ ብትሆንም አያያትም።

እስካሁን ያለው ክርክር ለሁለቱም ወገን ድርሻ ይሰጣል። ለጁባ ሚዛኑን የሚያጋድለው ሦስተኛው ጥያቄ፣ የዘይቱ መድረሻ ነው። ቡሎን ስትፈታ የመጨረሻው ጥርስ እስኪለቅ ድረስ ዘይቱ የት እንደሚረጭ አይታወቅም፤ መጀመሪያ እጅ ላይ፣ ከዚያም በግምት በተቀመጠ ዕቃና በዙሪያው ባለው አፈር ላይ ይወርዳል። ዘይቱ ትኩስ ከሆነ ጣት ያቃጥላል፤ የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ እየቆየ የሚያደርሰው ጉዳትም የታወቀ ነው። ቫልቩ ላይ ጎማ ተሰክቶ ሌላው ጫፉ ጀሪካን ውስጥ ሲገባ ግን ከሞተር እስከ ጀሪካን ጠብታ አይጠፋም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከአንድ የመኪና ቅያሪ የወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ወደ አራት ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ውሃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። 10 ሊትር ዘይት የሚይዝ ጄኔሬተር በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በዓመት ከ170 ሊትር በላይ ያፈሳል፤ ይህ የአንድ ግቢ ሒሳብ ብቻ ነው። ጁባ ደግሞ ውሃዋን የምታገኘው ከአጠገቧ ካለው ከዚያው ከነጭ ዓባይ ነው፤ ብዙ ነዋሪዋ የሚጠጣው ውሃ ከወንዙ ተቀድቶ በቦቴ ቤት ለቤት ይደርሰዋል። በዚህ የቦቴ ሥራም ሆነ በከተማዋ የሆቴል ንግድ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ለዓመታት ሰፊ ቦታ ይዘው ኖረዋል። ሆቴሉን የሚያበራው ጄኔሬተር ዘይቱን መሬት ላይ ካፈሰሰ ዝናቡ ወደ ቦዩ፣ ቦዩ ወደ ወንዙ ይወስደዋል፤ ቦቴው ከወንዙ የሚቀዳውም ለዚያው ሆቴል ነው።

ይህን የሚሰማ ነጋዴ፣ የተቃጠለ ዘይት ጁባ ላይ ማን ይጥለዋል፣ ለእንጨት ምስጥ መከላከያ የሚፈልገው ሞልቷል ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ ይህ ልማድ በምሥራቅ አፍሪካ ሁሉ የታወቀ ነው። አባባሉ ግን ለቫልቩ ይመሰክራል እንጂ አይቃወመውም። ዋጋ ያለው ነገር ከሆነ ሳይረጭና አፈር ሳይቀላቀልበት መያዝ አለበት። ደቡብ ሱዳን ድፍድፍ ነዳጇን በቧንቧ ወደ ፖርት ሱዳን የምትልክ አገር ብትሆንም ለሞተር የሚሆነውን ዘይት ከውጭ ትገዛለች፤ ከሞምባሳ ወደብ ተነስቶ በኡጋንዳ በኩል የሚመጣ እያንዳንዱ ጀሪካን የመንገዱን ወጪ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። የተቃጠለው ዘይት ንጹሕ ሆኖ ከተሰበሰበ ከምስጥ መከላከያነት የተሻለ ሥራ፣ ለምሳሌ በሥርዓት በተሠራ ምድጃ ማገዶ መሆን ወይም ተጣርቶ መታደስ፣ ሊያገኝ ይችላል። ከአፈርና ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ዘይት ግን ለማንም አይሆንም። እርግጥ ቫልቭ ብቻውን ዘይት አይሰበስብም፤ ጀሪካኑን የሚቀበል ሰው ከሌለ ጎማው ከቦዩ ጫፍ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሁለተኛው ዘይቱን የሚረከብ ቦታ መኖሩ ነው፤ ያለ መጀመሪያው ግን ሁለተኛው የሚረከበው ነገር አያገኝም።

ስለዚህ ጁባ በመቶ ዓመት ታሪኳ ላይ የምትመልሰው መልስ በየሞተሩ ዓይነት ይለያያል። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ዘይት ለሚለውጥ፣ ዝቅ ላለ የቤት መኪና ቡሎኗ ዛሬም የምትሻል ናት፤ አዲስ ሮንዴላና በልኩ የማጥበቅ ልማድ ብቻ ይጨመርላት። በጥቂት ሳምንት አንዴ ለሚፈስ ጄኔሬተር፣ በየቀኑ ወንዝና መንደር ለሚመላለስ የውሃ ቦቴ፣ ብዙ መኪና በአንድ ግቢ ለሚያሳድር ድርጅት ግን ቫልቩ መግባት አለበት፤ ወጪውም በባለንብረቱ ላይ ይውደቅ፣ ምክንያቱም ጥርሱ የሚተርፍለትም፣ ዘይቱን የሚሸጠውም፣ ውሃውን የሚጠጣውም እሱ ነው። ፎርድ ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ሞተር ላይ ለሁለቱ መዝጊያዎች ሁለት የተለያየ ቦታ ሰጥቶ ነበር፤ ጁባም ያንን ፍርድ በሞተሮቿ ሁሉ ላይ ብታውለው አዲስ ነገር መፈልሰፍ አይጠበቅባትም።